የሚለምን እጅና የሚዘራ እጅ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ዛሬ ማታ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሁላችንንም የሚነካ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ «አዋጣ» እንደሚባል ያውቃልና። ለትምህርት ቤት ይዋጣል፤ ለጤና ጣቢያ ይዋጣል፤ ለመንገድና ለድልድይ፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ፥ ለታመመ ባልደረባና ለሞተ ጎረቤት ይዋጣል። የወር ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ደብተር በብብቱ ይዞ የሚመጣውን የኮሚቴ አባል ገና ከበር ላይ ሲያየው ይለየዋል። እንግዲህ እኛ መስጠት አላነሰንም። ነገር ግን፦ የሰጠነው ወዴት ሄደ? ምን አፈራ? የዛሬ ዓመትስ ስለዚያው ጉዳይ ዳግመኛ እንለመን ይሆን? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የንግግሬም ርእስ ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲሁ በጠቅላላው ተነግሮ እንዳይቀር፥ አንድ የታወቀ አገር ልያዝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ወርዶ የወጣ፥ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫንም ያለፈ መንገደኛ፥ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ፍኖተ ሰላምን፥ ከዚያም ጥቂት አለፍ ብሎ ቡሬን ያገኛል። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ናት፤ ስሟም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቡሬ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፥ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ ያለው ገጠር ጤፉ፥ በቆሎው፥ ዳጉሳውና በርበሬው የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ አንድ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክና አንድ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ መመረቃቸው የአገሩን ለምነት የሚመሰክር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን፥ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ወጣ ብሎ ገጠሩን የሚጎበኝ ሰው፥ ድንጋይ ወይም የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ የሚማር ሕፃን ያገኛል። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ፤ ብዙዎቹንም ጎዳ። የተዘጋው ሲከፈት፥ የተሰበረው ሲጠገን፥ የዚያ አገር ተወላጅ ሁሉ «አዋጣ» መባሉ አይቀርም። እንዲያውም ሊባል ይገባዋል። ታዲያ ያን ጊዜ የሚሰበሰበው ገንዘብ እንደ ክረምት ጎርፍ አንድ ጊዜ ወርዶ የሚያልፍ ይሆን? ወይስ እንደ ምንጭ በጋና ክረምት የሚፈስ? ይህን ከወዲሁ ማሰብ ያሻል።

አንዳንድ ሰው፦ በጎ አድራጎት ሌላ፥ ንግድ ሌላ፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ይል ይሆናል። ይህን ለመመለስ ከራሳችን ልማድ መጀመር ይበልጣል።

በጎጃም ከጥንት ጀምሮ የታወቁ የቅኔ ቤቶች አሉ፤ የዋሸራን ስም ያልሰማ የለም። በእነዚህ ጉባኤዎች የተማሩት የቆሎ ተማሪዎች ደመወዝም ቀለብም የሚሰፍርላቸው አልነበረም። ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንጠልጥለው፥ ውሻ መከላከያ በትር ይዘው፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞሩ ነበር። ይህ ልመና መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው ሥርዐት ያለው ልመና ነው። ተማሪው መንደሩን ከጓደኞቹ ጋራ ተከፋፍሎ ይዞራል እንጂ ሁሉም በአንድ ቤት ላይ አይወድቁም። ባለቤቲቱም የሰጠችው ቁራሽ እንጀራ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ዛሬ የመጸወተችው ልጅ ነገ ዲያቆን፥ ከነገ ወዲያ መሪጌታ ሆኖ ታየዋለች። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ልብስ ይሰፉ፥ ባርኔጣና ሰሌን ይሠሩ፥ ያንንም እየሸጡ ለወረቀትና ለቀለም ያውሉ ነበር። እንግዲህ መለመንና መሥራት፥ ለሰጪው ፍሬውን ማሳየትም፥ ከውጭ አገር የመጣብን አዲስ ትምህርት አይደለም።

ዕድራችንንም እንመልከት። ዕድር በየወሩ ጥቂት ብር ተቀብሎ የሞተውን ይቀብራል፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ነገር ግን ጠንቃቃ የሆነ ዕድር ገንዘቡን በሣጥን ቆልፎ ብቻ አይቀመጥም። ድንኳን፥ ወንበር፥ ድስትና ሳሕን ይገዛል፤ አባላቱን በነጻ ያገለግልበትና፥ ትርፍ ቀን ሲገኝ ለሠርግና ለድግስ ለሌላ ሰው ያከራየዋል። የኪራዩም ገንዘብ ተመልሶ የዕድሩን ሣጥን ይሞላል። ይህን የሚያደርጉት የዕድር ዳኞች «የሥራ ፈጣሪነት መንፈስ» የሚለውን ቃል ሰምተውት አያውቁ ይሆናል፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ዕቃ ሥራ ማስያዝ፥ ያስገኘውንም ሳይበትኑ መልሶ ለዓላማው ማዋል፤ የዚህ መንፈስ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን አንድ የራሴን ጉድለት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ባቋቋሙት የትምህርት ቤት ማሠሪያ ኮሚቴ ውስጥ ተመርጬ ነበር። የማኅበሩን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነበርና። ትልቅ አዳራሽ ተከራየን፤ የጥሪ ካርድ አሳተምን፤ በግ አረድን፤ ማሲንቆ አስመታን። በዚያች ሌሊት ከመቀመጫው እየተነሣ «ይህን ያህል ሺሕ ሰጥቻለሁ» ያለው ሰው ብዙ ነበር፤ ጭብጨባውም ጣራ የሚነቀንቅ ነበር። በማግስቱ ሒሳቡን ስናየው ግን ከገባው ገንዘብ ገሚሱን ያህል ድግሱ ራሱ በልቶታል። ቃል ከገቡትም ብዙዎቹ ቃላቸውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ረስተውት ወጥተዋል። በቀረው ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝተን በመኪና ጭነን ወደ አገር ወረድን።

መንደሩ ስንደርስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለን። ቆርቆሮው ሲወርድ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠጋ አሉኝና፦

«ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደክማችሁልናል። ግን ይህ ቆርቆሮ ሲዝግ ደግሞ መቼ ትመጡልናላችሁ?» አሉኝ።

እኔም ነገሩ ቀልድ መስሎኝ፦

«አባቴ፥ ገና ሳይመታ ዝገቱን አሰቡት?» ብላቸው፥

«እኛ ገበሬዎች ነና! እኛ እህሉ ገና ጎተራ ሳይገባ የከርሞውን ዘር እናስቀምጣለን። እናንተ የከርሞውን ዘር የት አስቀመጣችሁት?» አሉኝ።

የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ዘር አላስቀመጥንምና! የሰበሰብነውን ሁሉ ፈጭተን ጋግረን ነበር።

በኋላ ግን የሽማግሌው ቃል በከንቱ አልቀረም። የመንደሩ ሰዎች መክረው ለእርሻ የማይሆን አንድ ገደላማ ጥግ ለትምህርት ቤቱ ለዩ፤ ኮሚቴያችንም የባሕር ዛፍ ችግኝ መግዣ ሰጠ። ባሕር ዛፍ በጎጃም ገጠር የታወቀ የገበሬ ባንክ ነው። አምስት ስድስት ዓመት ከጠበቁት አጣናና ወራጅ ሆኖ ይሸጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። እርግጥ ነው፥ ከእርሻ ዳርና ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ውኃ ይመጥጣል፤ ሰብልም ያቀጭጫል፤ ቦታውን ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዛፍ ተቆርጦ ሲሸጥ የተገዛው ዴስክ እጅግ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ለዚያ ዴስክ ማንም አልተለመነም፤ በግም አልታረደም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ መዋጮ ያለኝ አሳብ ተለወጠ።

የተከበራችሁ አድማጮች፥ ይህ የአንድ መንደር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ በአገራችን በትልቁ የተፈጸሙ ምሳሌዎችን ላቅርብ።

በ1977ቱ ክፉ ድርቅ ዘመን፥ ለተራበው ሕዝብ እህል ለማድረስ ከተነሡት ድርጅቶች አንዱ ዛሬ ኦርዳ በሚል አጭር ስም የምናውቀው የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ነው። ሥራው በመጀመሪያ ርዳታ ማደል ነበር። ይሁን እንጂ እህል የታደለው ሰው ወር ሲያልቅ እንደ ገና ይርበዋል። ከዚህም የተነሣ ድርጅቱ በ1980ዎቹ ማለቂያ ላይ ለድኻ ገበሬና ለከተማ ነጋዴ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ማበደር ጀመረ። መያዣ የሚሆን ቤት ወይም ንብረት የሌላቸው ሰዎች በቡድን እየሆኑ፥ አንዱ ለሌላው ዋስ እየተባባለ እንዲበደሩ ተደረገ። ከዚህ ሥራ የተወለደው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. በሕግ ፈቃድ አግኝቶ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። በየወረዳው ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ማበደር ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ቁጠባ መቀበል ያዘ። በመጨረሻም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ጸደይ ባንክ ተብሎ ወደ ባንክነት ተሻገረ። እንግዲህ አስቡት፤ በርዳታ እህል የተጀመረ ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ባንክ ወለደ። ብድር ሁሉ ተባረከ ለማለት አይደለም፤ ዝናብ ሲቀርበት በሬውን ሸጦ ዕዳ የሚከፍል ገበሬም እንዳለ አይዘነጋም። ነገር ግን የርዳታ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተበልቶ ከሚያልቅ፥ ዞሮ እየተመለሰ ሌላውን ሰው ሊያቋቁም እንደሚችል ይህ ታላቅ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረ ሰብ ነው። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ሲሆኑ፥ ማኅበሩ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጠር ታሪክ አለው። መሬታቸው ጠባብ ስለ ሆነ በእርሻ ብቻ መኖር አልቻሉም፤ ስለዚህ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ፥ እንግዳ ወደ ማስተናገድም ሥራ ዞሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን አረጋውያንን፥ ድውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የሚረዱበት ዘዴ ነው። ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ቀን ለይተው፥ የዚያን ቀን ሥራ ፍሬ ለእነዚህ ሰዎች መርጃ ያውሉታል። ከኪሱ የሚያዋጣው ብር የሌለው ሰው እንኳ የሚያዋጣው ጉልበት አያጣም። በጎጃም ደቦና ወንፈል የምንለው ባህል ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ በደቦ የአንዲት መበለት ማሳ የሚያርስ መንደር፥ በደቦ የትምህርት ቤት ማሳ ለማረስ ምን ያግደዋል?

ሦስተኛው የክብርት አበበች ጎበና ታሪክ ነው። እርሳቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱበት ጊዜ በወሎ የተራበውን ሕዝብ አይተው፥ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተ ሰባቸው በዚህ ቢቃወማቸውም ሕፃናቱን አልበተኑም፤ ቆሎና ሌላ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ማሳደግ ጀመሩ። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት እጅግ ከሰፋና የውጭም ርዳታ ካገኘ በኋላ እንኳ፥ ሥልጠና የሚሰጥባቸውና ገቢ የሚያስገኙ የሥራ ክፍሎችን ከበጎ አድራጎቱ ጎን ማካሄዱን አልተወም። እርሳቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራው ግን ከእርሳቸው በኋላ ቀጠለ። ብዙ በጎ ሥራ ከመሥራቹ ጋራ አብሮ ይቀበራል፤ ሥር የሰደደው ግን ይተርፋል።

አራተኛው ምሳሌ መንግሥትንና ሕዝብን የሚያገናኝ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይነግዱና ይሠሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፥ ወደ አገራቸው መኪና የሚያስገባ መንገድ ለማሠራት ተደራጁ። ገንዘብ አዋጥተው «ይኸው የእኛ ድርሻ፤ የእናንተስ?» ብለው ለመንግሥት አቀረቡ። ባዶ እጁን ደጅ የሚጠና ሰው ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ድርሻውን ይዞ የመጣ ግን ይደመጣል። እነዚያ ሰዎች ነጋዴዎች ስለ ነበሩ መንገድ ወጪ ብቻ እንዳልሆነ፥ እህሉን ወደ ገበያ አውጥቶ ገንዘቡን የሚመልስ መሆኑን አስቀድመው አስልተውት ነበር። የነጋዴ አስተሳሰብ ለበጎ አድራጎት የሚጠቅመው በዚህ ነው።

ምናልባት ሕጉ ይህን ይፈቅዳልን? የሚል ይኖር ይሆናል። ይፈቅዳል። ስለ ማኅበሮች አቋም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ ደንግጓል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ብዙ ማሰሪያ ስለ ነበረበት ተሽሮ፥ በእርሱ ቦታ የሲቪል ማኅበረ ሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ድርጅት ለዓላማው ማስፈጸሚያ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት፥ የንግድንና የኢንቬስትመንትን ሕግ አክብሮ፥ ሕጋዊ በሆነ የገቢ ማስገኛ ሥራ ሊሰማራ ይችላል። ነገር ግን ትርፉን አባላቱ ሊከፋፈሉት አይችሉም። ለጠቅላላው ሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅትም ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። እንግዲህ ትርፍ ማግኘት ኃጢአት አይደለም፤ ትርፉን ወደ ኪስ ማግባት ነው ወንጀሉ። በዚህ ሕግ ሚዛን የእኛ የበግ ድግስ ቢመዘን ምን ያህል እንደሚቀልል እናንተው ፍረዱ።

አሁን ነገሩን ወደ ስሌት ላምጣው። ይህ የምናገረው ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወረዳ የወጡ 200 የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ መቶ መቶ ብር ቢያዋጡ፥ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለጥገና ቢያወጡት፥ በዚያ ዓመት ደስ ይላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሣጥኑ ባዶ ነው። ከሦስቱ እጅ አንዱን፥ ማለት 80,000 ብር፥ ለዘር ቢያስቀምጡና የቀረውን 160,000 ብር ወዲያውኑ ለዴስክና ለመጽሐፍ ቢያውሉት፥ በአምስት ዓመት የተቀመጠው ዋና ገንዘብ 400,000 ብር ይደርሳል። ይህ ዋና ገንዘብ በመልካም ሥራ ላይ ውሎ በዓመት ከመቶ 15 እንኳ ቢያስገኝ፥ 60,000 ብር ማለት ነው። ይህም ማንም ሳይለመን በየዓመቱ የሚገባ ገቢ ነው። ዘሩን ግን በሣጥን መቆለፍ አይበቃም፤ የብር የመግዛት ኃይል ከዓመት ዓመት ስለሚቀንስ፥ የተቆለፈ ገንዘብ ነቀዝ እንደ ገባበት እህል ነው።

በምን ሥራ ይዋል? ለሚለው መልሱ በዚያው አገር ነው ያለው። የአገሩ ሰው የሚያውቀውን ሥራ መያዝ ይበልጣል። ጫካ ባለበት ቀፎ ይሰቀላል፤ ወፍጮ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ወፍጮ ይተከላል፤ በርበሬ በሚበዛበት ምርቱ ሲረክስ ገዝቶ አድርቆ ማቆየት ይቻላል። ግቢው ሰፊ የሆነ ትምህርት ቤት ሣሩን ይሸጣል፤ ዛፍም ይተክላል። ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ይህን የመሰለ ሥራ አስቀድመው ጀምረዋል፤ የሚጎድላቸው የመነሻ ገንዘብና ሒሳብ የሚይዝላቸው ሰው ነው። ሥራው ተሰማምቶት የሚይዘው ሰው ሳይገኝ ገንዘብ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ወፍጮው ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ብሎ ያልጠየቀ ማኅበር የብረት ክምር ይወርሳል።

ይህን ሁሉ ስል አንድ አደጋ እንዳለ አልሸሽግም። ንግዱ በጎ አድራጎቱን የሚውጥበት ጊዜ አለ። ወፍጮው ለትምህርት ቤቱ መተከሉ ተረስቶ ትምህርት ቤቱ ለወፍጮው መታወቂያ ይሆናል። ሊቀ መንበሩ የወንድሙን ልጅ ሥራ አስኪያጅ ያደርጋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት በበጎ አድራጎት ቤት ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሒሳብን በአደባባይ ማንበብ። የገባውና የወጣው፥ ያተረፈውና የከሰረው፥ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣው ሰውም የሚጠቀምበት መንደርም እኩል ሊሰሙት ይገባል። ከሰረ ማለት አያሳፍርም፤ ንግድ ባለበት ሁሉ ኪሳራ አለና። የሚያሳፍረው መደበቅ ነው። ሰጪ ሁለተኛ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ስለ ተለመነ ሳይሆን፥ ስለ ታመነ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል ልጨምር። በክልሉ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአማራ ልማት ማኅበር፥ አልማ፥ በአባላቱ መዋጮ የቆመ ማኅበር ነው፤ ከእነዚህም አባላት ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ደመወዝተኞች ናቸው። ለልማት ማኅበርም ሆነ ለሌላ፥ መዋጮ ከደመወዛችን ሲቀነስ ሁለት ዐይነት ሰዎች እንሆናለን። አንዱ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ አይገኝም። ሁለተኛው ዝም ብሎ ይሰጥና «የእኔ ነገር አበቃ» ይላል። ሁለቱም ግዴታቸውን አልፈጸሙም። ሒሳብ ማንበብ፥ ደብዳቤ መጻፍ፥ ሕግ መመርመር፥ ዕቅድ ማውጣት የዕለት ሥራችን ነው። እነሆ ለገጠሩ ትምህርት ቤት ከመቶ ብራችን ይልቅ የሚጎድለው ይህ ዕውቀታችን ነው። በዓመት ዕረፍታችን ወደ አገር ስንወርድ፥ ከዘመድ ጥየቃው ላይ ሁለት ቀን ቀንሰን የትምህርት ቤቱን መዝገብ ብንመረምር፥ የገቢና የወጪ አያያዝ ለወጣት መምህር ብናሳይ፥ ይህ ከፍ ያለ መዋጮ ነው። ለዚህ መዋጮ አዳራሽ መከራየት አያሻም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። የውጭ ርዳታ ሲመጣ በምስጋና እንቀበል፤ ነገር ግን ርዳታው በሰጪው አገር ፖለቲካና በሰጪው አገር ኪስ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንርሳ። የዚያ አገር መንግሥት አሳቡን በለወጠ ቀን፥ በምዕራብ ጎጃም ያለ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያጣ ከሆነ፥ እኛ ቤታችንን በሰው መሬት ላይ ሠርተናል ማለት ነው።

ንግግሬን የምፈጽመው ወደዚያ ሽማግሌ ተመልሼ ነው። እርሳቸው ፊደል የቆጠሩ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ስለ ገንዘብ አያያዝ ከእኛ ከተማሩት ኮሚቴዎች ይልቅ ጠልቀው አስበዋል። በጎጃም ገጠር በክፉ ዓመት እንኳ ልጆቹ እየራባቸው የዘሩን ጎተራ የማይነካ ገበሬ አለ። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ከርሞ ለማኝ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ፍኖተ ሰላም እንደ ስሟ የሰላም መንገድ ሆና፥ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚከፈቱበት ቀን እንዲመጣ ሁላችንም እንመኛለን፤ እንሠራለንም። ያን ቀን ደብተር ይዞ ወደ ጠረጴዛችን የሚመጣ ኮሚቴ ይኖራል። ያን ጊዜ ብሩን ከመስጠታችን ጋራ ያን የሽማግሌ ጥያቄ አብረን እንስጠው፦ የከርሞው ዘር የት ተቀምጧል?